የወንድም ላብ በደብተር ይጻፋል ወይ?

ቤት ልሠራ ነው ያልኩት ሰው ሁሉ የጠየቀኝ ስለ ብር ነው። ቦታው ስንት ካሬ ነው፣ ብረት ስንት ገባ፣ ብድር ታገኛላችሁ ወይ? ይገባኛል፣ ብሩ ቀልድ አይደለም። ግን ብር ይቆጠራል። ለመቁጠር የሚያስቸግረው የሰው ነገር ነው። የአጎቴ ባሕር ዛፍ፣ የወንድሜ ቅዳሜና እሑድ፣ ሪያድ ያለችው እህቴ ደመወዝ፣ የእማዬ ጠላና ንፍሮ፣ የአባዬ ምክር (ይኼኛው ከሁሉም በላይ በገፍ የመጣ ነው)። «ቤተሰብ አግዟቸው ነው የሠሩት፣ ረከሰላቸው» ሲባል እሰማለሁ። አይረክስም። ይቻላል ብቻ። ሁለቱ ለየቅል ናቸው።

ያለነው ደብረ ብርሃን ነው። እኔ አስተማሪ ነኝ፣ ባለቤቴ አብዛኛውን ጊዜ መስክ ነው። በመኖሪያ ቤት ማኅበር ተደራጅተን፣ የሚጠየቀውን ብር በዝግ ሒሳብ አስቀምጠን፣ ዓመታት ጠብቀን ያገኘነው 150 ካሬ ነው። ችካሉ የተተከለ ዕለት አባዬን ይዤው ሄድኩ። ከችካል ችካል ተራመደና «ሌላውስ?» አለኝ። አልፈርድበትም። በእሱ የጉብዝና ዘመን፣ የሐምሌ 1967ቱ አዋጅ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ አንድ ቤተሰብ ለመኖሪያ እስከ 500 ካሬ ይፈቀድለት ነበር። በዚያ ዓይን ሲያየው የእኔ ግቢ ገና ደጃፍ ነው። እኔ ግን በዚያች ደጃፍ ከኪራይ ልወጣ ነው።

የተስማማንበት መንገድ ብዙ ሰው የሚያውቀው ነው። መጀመሪያ ከጀርባ ሰርቪሱን በጭቃ ሠርቶ መግባት፣ የኪራዩን ብር ማትረፍ፣ ከዚያ ፊት ለፊት ዋናውን ቤት በብሎኬት፣ እግዜር እንዳለው። የሚያስኮራ ፕላን አይደለም። ግን ወር በመጣ ቁጥር አከራይ በር የሚያንኳኳበት ሰው የአርማታ ሶሌታ አያማርጥም።

እንጨቱ ከአጎቴ መጣ። የእማዬ ታናሽ ወንድም ነው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ገጠር ይኖራል። ከማሳው ዳር ያለው ባሕር ዛፍ ባንኩ ነው፤ ልጅ ሲዳር፣ ማዳበሪያ ሲገዛ፣ ሰው ሲታመም እየቆረጠ ያወጣል። ይኼ ዛፍ ባይመጣ ከተሞቻችን ምን ይውጣቸው እንደነበር አንዳንዴ አስባለሁ። በምኒልክ ዘመን እኮ አዲስ አበባ ዙሪያዋን እንጨት ጨርሳ ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ምንም አልቀረውም ነበር። ያዳናት ይኼ ቶሎ የሚያድግ የአውስትራሊያ ዛፍ ነው። መሬት ያደርቃል ብላችሁ ስደቡት፣ ስድቡ ይገባዋል። የእኔ ቋሚም፣ ማገርም፣ ወራጅም ግን እሱ ነው።

አጎቴ የሚቆረጠውን ራሱ መረጠ፣ ልጡን ልጦ አደረቀው፣ በኪራይ አይሱዙ ጭኖ እላዩ ላይ ተቀምጦ መጣ። የመኪናውን እንኳ ልክፈል ብለው «ዝም በይ» አለኝ። ዝም አልኩ። ደብተሬ ላይ ግን ጻፍኩት። ስለ ደብተሩ እመለስበታለሁ።

ጭቃ ማንም የሚችለው ሥራ ይመስላል። አይደለም። ቀይ አፈሩ በጋሪ መጥቶ ይከመራል፣ መሀሉ ተጎድጉዶ ውሃ ይሞላል፣ የጤፍ ጭድ ይበተንበታል፣ ከዚያ ሱሪ ተሰብስቦ በባዶ እግር ይረገጣል። በደብረ ብርሃን ብርድ! ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፤ ኅዳር ላይ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ነው የሚያድረው። ወንድሜ የመጀመሪያውን ጠዋት እግሩን ሲያስገባ ከአፉ የወጣውን እዚህ አልጽፈውም። አንዴ ተረግጦ ቢያልቅ እኮ ጥሩ ነበር። ይሸፈንና ለቀናት ይተዋል፣ ይብላላል፣ ጭዱ ይልማል፣ ሰፈሩን በሙሉ ያውዳል፣ ከዚያ ውሃ ተጨምሮ እንደገና ይረገጣል። አጎቴ የማይሸት ጭቃ አያምንም። «ገና ነው፣ አልበሰለም» ይላል። መድረሱን የሚያውቀው እፍኝ አንስቶ፣ አድቦልቡሎ፣ ማገሩ ላይ ጠፍ አድርጎ በመምታት ነው። ከያዘ ያዘ። ተንሸራቶ ከወረደ ወንድሜ ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል።

ምርጊቱ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ከውስጥ፣ አንዱ ከውጭ ሆነው ጭቃው ማገሩ መሀል እንዲገናኝ እኩል ይመታሉ። ካልተገናኘ መሀሉ ክፍት ይቀርና አይጥ ከእናንተ ቀድማ ትገባበታለች። የመጀመሪያው ምርጊት ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። የማታውቅ ባለቤት ትደነግጣለች፣ እኔም ደንግጫለሁ፤ ለካ ስንጥቁ ሁለተኛው ልስን የሚነክስበት ነው። ለልስኑ ጭዱ ደቀቅ ይላል፣ እበትም ይገባበታል። አጎቴ ሲጨርስ ግድግዳውን በቡጢ እየመታ ጆሮውን ያስጠጋል፣ መሀሉ ባዶ ከሆነ ድምፁ ይለያል። የቀን ሠራተኛ ይኼን ያደርጋል? ምን በወጣው!

ለምርጊት ሰው ተጠራ። ከተማ ያደገ ሰው ወንፈልና ደቦን ያምታታቸዋል፣ እኔም ሳምታታ ነው የኖርኩት። ወንፈል ተራ ነው፤ ዛሬ አንተ ለእኔ፣ ነገ እኔ ለአንተ፣ በጉልበት ልክ። ደቦ ግን ጠሪው አብልቶ አጠጥቶ የሚያሠራው ነው፤ የመጣው ሰው ነገ የግድ ይመለስልኝ አይልም። አጎቴ በወንፈል ልብ ነው የመጣው። ወንድሜና ጓደኞቹ በደቦ። የባለቤቴ ዘመዶች ደግሞ ሊያዩን መጡ፣ ነጭ ለብሰው። እማዬ ጠላውን ቀደም ብላ ጠንስሳ ነበር፤ የዚያን ዕለት ዶሮ ሳይጮህ ተነስታ ስንዴና ባቄላ ንፍሮ፣ ድፎ ዳቦ፣ በትልቅ ብረት ድስት ሽሮ አሰናዳች። ወጪውን ሳሰላው፣ እውነቱን ልናገርና፣ በዚያ ብር የቀን ሠራተኛ ቀጥሬ የሚተርፈኝ ነበረኝ። ለዚህ ነው ረከሰላቸው ሲባል የምስቀው።

እሺ፣ ደብተሩ። ተማሪዎቼ የሚይዙት ዓይነት ባለ መስመር ደብተር ነው። ሥራው ከተጀመረ አንስቶ ሁሉንም እጽፍ ነበር። እንጨት ከማን፣ ቆርቆሮ በማን ብር፣ ወንድሜ የመጣባቸው ቅዳሜዎች፣ የጎረቤት ባሬላና አካፋ። አንድ ማታ እማዬ አገኘችው። መነጽሯን አድርጋ ገለጥ ገለጥ አደረገችና የወንድሜ ስም ጋ ስትደርስ ዘጋችው።

«ከመቼ ወዲህ ነው የወንድም ላብ በደብተር የሚጻፈው?»

«እንዳልረሳው ብዬ ነው፣ እማዬ።»

«ይኼን የምትረሺ ከሆነማ ጉድ ነው።»

ለቀናት ኮስተር አለችብኝ። አባዬ ግን እሷ ማድቤት ስትገባ ጠብቆ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እስቲ አሳዪኝ» አለ። ገጽ በገጽ አየው። ከዚያ ጣቱን አንዱ መስመር ላይ አድርጎ «ሮቶዋን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ አልጻፍሽውም» አለኝ። ጻፍኩለት።

እማዬ ያደገችበት አገር ሰው ቃሉን በሽማግሌ ፊት የሚሰጥበት ነው፤ ሁሉም እዚያው ነው፣ ሁሉም ይተያያል። ዛሬ ግን ግማሹ ቤተሰብ ስልክ ውስጥ ነው የሚኖረው። «ቤተሰብ ስለሆንን አንጻጻፍም» የሚለው ነገር ብዙ ሰው አክስሯል፣ በተለይ ደግሞ ሩቅ ያለውን። ዓረብ አገር የሠሩ ሴቶችን ጠይቁ። ለዓመታት ይልካሉ። ቤት እየተሠራልሽ ነው ይባላሉ። ሲመጡ ቤቱ በወንድም ስም ነው፣ ወይም ብሩ ለአባት ሕክምና፣ ለታናናሾች ትምህርት፣ ለሠርግ ወጥቶ አልቋል። ሌባ የለበትም እኮ። ሁሉም የጨነቀው ጉዳይ ላይ ነው ያዋለው። ግን ያቺ ልጅ ሻንጣዋን ይዛ እናቷ ሳሎን ፍራሽ ላይ ትተኛለች፣ «ብሬስ?» ብላ ብትጠይቅ ደግሞ የከፋች እሷ ናት።

እህቴ ሪያድ ሰው ቤት ነው የምትሠራው። ለቆርቆሮውና ለሲሚንቶው የላከችው ከኔ ቁጠባ ይበልጣል። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ተብሎ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ሲያልፍ፣ ሪያሉም አብሮ ወጣ፤ 3.75 ሪያል ለ1 ዶላር ተብሎ የታሰረ ነዋ። ደውላ «ቁጭ ባልኩበት ደመወዝ ተጨመረልኝ» እያለች ስቃ ነበር። ሳቁ ብዙ አልቆየም። ብረቱም፣ ቆርቆሮውም፣ ሚስማሩ ሳይቀር ዶላሩን ተከትሎ ወጣ።

ያኔ ነው «ብሩን በብድር ነው የምቀበልሽ፣ በወረቀት ላይ» ያልኳት። ስልኩ ላይ ዝም አለች። ቅር ያላት መስሎኝ ማስተባበል ስጀምር አቋረጠችኝና «በሪያል ጻፊው» አለች። ትክክል ናት፤ በብር ተጽፎ ቢሆን ዕዳዬ በየዓመቱ ራሱን እየቀነሰ ይሄድልኝ ነበር። በሪያል ጻፍነው። ምስክሮች ፈረሙ፣ አንዱ አባዬ ነው፣ እማዬ ቡና እየቆላች ከወዲያ ታየናለች። አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ፎቶ አንስቼ ስልክላት እህቴ የላከችልኝ መልስ ረጅም ነበር፤ ያንን ለራሴ አስቀምጫለሁ።

ጉልበት ላይ ግን ደብተሩ አይሠራም፣ እዚያ ላይ እማዬ ትረታኛለች። ብር የላከ ሰው ፎቶ ላኪልኝ ይላል፣ አየሁ ይላል፣ በቃው። ግድግዳውን በእጁ የመረገ ሰው ግን ግድግዳው ላይ ሥልጣን አለው። ወንድሜ የማድቤቱን በር ንፋስ ያስገባል ብሎ ከፕላኑ ወዲያ አዛወረው፤ የሰማሁት ማገሩ ከተመታ በኋላ ነው። አባዬ በሩ ወደ ምሥራቅ ካልዞረ ብሎ ሰነበተ። እማዬ ለእንጀራ መጋገሪያው ጭስ መውጫ እንጂ መስኮት ምን ያደርጋል አለች። እህቴ ከሪያድ በቪዲዮ ሆና የሊሾ ወለል ይቅርና ሴራሚክ ይነጠፍ ትላለች፣ በማን ብር እንደሆነ ሳትናገር። እጅ ስትቀበሉ ሐሳብም ትቀበላላችሁ። የእኔ ድርሻ የቱን እንደምተው መምረጥ ነበር። በሩን ተውኩ፤ ወንድሜ ለዚያ በር ብዙ ቅዳሜ ከፍሏል። መስኮቱን አልተውኩም።

ዘመድን ጨርሶ ማስገባት የሌለባችሁ ሥራም አለ። የመጸዳጃ ቤታችንን ግድግዳ የሠራው የባለቤቴ የአክስት ልጅ ነው። ብሎኬት ነው፣ ባለ 15 ሴንቲ ሜትር። «ለዚህማ ግንበኛ አትቅጠሩ፣ እኔ አለሁ» አለ፣ ሳይት ላይ ሠርቷል፣ አመንነው። በኋላ ሌላ ሥራ ሊሠራ የመጣው ግንበኛ ቱምቢውን ጣል አደረገና ፊቱን አጣመመ። ወደ ሁለት ጣት ይሆናል ያዘመመው። «ይፍረስ» አለ። ማን ይንገረው? ልጁ ምሳውን በልቶ ብቻ ነው የሠራው፣ ሳንቲም አልተቀበለም። በመጣ ቁጥር ግድግዳውን መታ መታ አድርጎ «ይኼ የኔ ነው» ይላል። ስለዚህ ግድግዳው አለ። በሩ ካልቆለፉት ራሱን ይከፍታል፣ መቆለፊያውም አንዳንዴ ይለግማል። ቤታችን የመጣ እንግዳ መጸዳጃ ቤት ገብቶ ካንጎራጎረ ነገሩን ነግረነዋል ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ነው ቆርቆሮውን፣ መብራቱንና የዋናውን ቤት ብረት ለማናውቀው ሰው በውል የሰጠነው። የምትቆጡት ሰው ያስፈልጋችኋል። «ይኼን ፍታና እንደገና እሰር» የምትሉት፣ ማታ ደግሞ እራት አብራችሁ የማትበሉት። የዋናው ቤት ኮለን፣ የአርማታው ምሰሶ፣ ዘምሞ ከቆመ ማስተካከያ የለውም።

መሬቱም አያላግጥም። መረሬ ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። መሠረቱ ጠንካራ መሬት እስኪገኝ ተቆፈረ፣ አፈሩ ተጭኖ ወጣ፣ በምትኩ ገረጋንቲ ገብቶ ተጠቀጠቀ። መሬት ውስጥ የተቀበረ ብር ማለት ይኼ ነው፣ ማንም አያየውም። አርማታው በተሞላ ቀን ቆሜ ነው የዋልኩት። 1 ከረጢት ሲሚንቶ፣ 2 ሣጥን አሸዋ፣ 3 ሣጥን ጠጠር፣ ሣጥኑ ሳይከመር ሳይጎድል። ይኼን እንኳ ካልተቆጣጠሩት ጠጠሩ ሳያውቁት 4 ይሆናል፣ ውሃውም ሥራ እንዲያቀል ይበዛል። አንድ ሲሚንቶ የሚያራግፍ ልጅ ዞር ዞር ብሎ አየና «ባለቤቱ የሉም እንዴ?» ብሎ እኔኑ ጠየቀኝ። ወንድሜ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ሠራተኞቹ የሚጠይቁትን ሁሉ ወደ እሱ ሲያመጡ «ባለቤቱ እዚያ ናት» እያለ ይመልሳቸዋል። ከረገጠው ጭቃ ሁሉ ይልቅ ይኼ ነው የጠቀመኝ፤ ደብተሩ ላይ ግን በየት በኩል ይገባል?

አርማታ ከተሞላ በኋላ ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ መጠጣት አለበት፣ አለበለዚያ ከላይ ይደርቅና ይፈረካከሳል። ይኼ ሥራ ለወንድሜ ልጅ ተሰጠ። ጠዋት ዩኒፎርሙን ለብሶ፣ ከትምህርት ቤት በፊት፣ በጀሪካን እየተመላለሰ ያጠጣል፣ ማታ ደግሞ ውርጩን ፈርተን በማዳበሪያ ከረጢት እንሸፍነዋለን። ክፍያው ፓስቲ ነበር። እሱ ብቻ ነው በዚህ ሁሉ ሥራ ሐሳብ ያልሰጠ።

ሰርቪሱ ውስጥ ገብተናል። ቆርቆሮው ስሱ ባለ 32 ነው፣ ዝናብ ሲመታው መነጋገር አይቻልም፤ ኮርኒሱ ለጊዜው ማዳበሪያ ከረጢት ነው፣ ተሰፍቶ፣ ኖራ ተቀብቶ። ከኪራይ ወጥተናል። ብቻችንን ግን አይደለንም፤ የአጎቴ ልጅ 9ኛ ክፍል ለመማር መጥታ አንዱ ክፍል ውስጥ ትኖራለች። ማንም አልጠየቀኝም። አጎቴ አንድ እሑድ ከጤፍ ጆንያ ጋር ይዟት መጣ፣ ቡና ጠጣ፣ ሲመሽ ብቻውን ተመለሰ። ባለቤቴ ማታ «ይቺ ልጅ እስከ መቼ ነው?» ሲለኝ ቀና ብዬ ወራጁን አሳየሁት። ያ ሁሉ እንጨት የእሷን የትምህርት ዘመን እንደሚያካክስ አጎቴ ገና ሲቆርጠው ያውቅ ነበር ብዬ አምናለሁ። ቅር አላለኝም። ልጅቱ ጎበዝ ናት፣ ሒሳብ ከኔ ተማሪዎች ትበልጣለች።

ዋናው ቤት ገና ኮለኑ ላይ ነው፣ ፌሮው ወደ ሰማይ ወጥቶ ይታያል። ወንድሜ ከክረምት በፊት ጣሪያ ይልበስ ይላል። እህቴ ለራሷ ቦታ ማፈላለግ ጀምራለች፣ ስለዚህ መጀመሪያ ሪያሏ ይመለሳል፤ ብሎኬቱ ይጠብቃል። አጎቴ ደግሞ በጥር የሣር ቤቱን አፍርሶ የቆርቆሮ ሊያቆም ነው፣ ወንፈሉ እኛ ላይ ደርሷል። ባለቤቴ ፈቃድ ጠይቋል። ብርዱን ስለሚያውቀው ቦቲ ገዝቶ ነበር፤ አጎቴ በስልክ ሲሰማ «ጭቃ በቦቲ አይረገጥም፣ መልሰው» ብሎታል።